ጉቶ በል

አበጀ ፈሪ ሰው ነበር። በሰፋሪዎቹ መንደር፣ በአምባው ውስጥ፣ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ እሱም አይክደውም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ከበር ይርቃል። ወንዝ ሲሞላ ሌላው ሰው ሁሉ ተሻግሮ እስኪያልቅ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ከአሶሳ ቦርሳ የያዘ የቢሮ ሰው መጣ ከተባለ ምንም ሳያጠፋ ልቡ እንደ ሌባ ልብ ይመታል። ጎረቤቶቹ ይስቁበታል እንጂ አይጠሉትም፤ እጁ ሥራ ያውቃል፣ ማረሻ ሲሰበር፣ የበር ማጠፊያ ሲወልቅ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚመጣው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስቶ በጭነት መኪና ወደዚህ ምድር ሲመጣ ገና ጢም አላወጣም ነበር። ያኔ ሰፈራው ትልቅ እርሻ ነበረው፤ ትራክተር፣ ዶዘር፣ ወርክሾፕም ነበረው። አበጀ ወርክሾፑ ውስጥ ግራሶ ቀቢ ሆኖ ገባ። ረጋሳ የሚባል የባምባሲ ከተማ ሰው፣ ዋናው መካኒክ፣ ሥራ አስተማረው። የሞተርን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን መለየት የለመደው ከረጋሳ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጋሳ የውሃ ፓምፕ ሞተር እየሞከረ ነበር። ከሞተሩ ተሽከርካሪ ክብ ብረት፣ ከፑሌጃው ላይ፣ አንድ ብሎን ከልኩ በላይ ረዝሞ ወጥቷል። ሞተሩ የተደገፈበት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ተንሸራተተና ፑሌጃውን ነካ። ብሎኑ ያንን ግንድ እንደ ቆሎ ቆረጠመው፤ ስንጥሩ በወርክሾፑ ጣራ ላይ እንደ በረዶ ወረደ። አበጀ ምን እንደሆነ ሳይገባው ብሎኑ የረጋሳን እጅጌ ያዘ። ረጋሳ አሶሳ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ አበጀ የሚሽከረከር ነገር አጠገብ አይቆምም። እህል ለማስፈጨት እንኳ ወፍጮ ቤት የምትሄደው ሚስቱ ናት።

መንግሥት ሲለወጥ ሰፈራው ተበተነ። ማሽኖቹን በቆሙበት ሣር ዋጣቸው። አገሩ ክልል ተባለ፣ አሶሳ ርዕሰ ከተማ ሆነች፣ አዳዲስ ቢሮዎች ተከፈቱ። ወደ ወሎ የሚመለሰው ተመለሰ። አበጀ ግን የሚመለስበት ቤት አልነበረውም። በለጡን አግብቶ፣ በዕጣ በደረሰው ቁራጭ መሬት ላይ ጎጆ ቀለሰ። አንድ ቀን ተነሱ እንባል ይሆናል የሚለው ሐሳብ ከአእምሮው ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ቦታ ቀይሩልኝ ብሎ ቢሮ ደጅ ቆሞ መኖሩን ከማሳወቅ፣ የደረሰውን ይዞ ዝም ብሎ መኖርን መረጠ።

የደረሰው ቦታ ላይ፣ ከጎጆው ጀርባ፣ አንድ ትልቅ የዋንዛ ጉቶ ነበር። ድሮ ዶዘሩ ዛፉን ሰብሮ ሲጥለው ከነሥሩ የተወው ነው። ሦስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚከቡት። ምስጥ መሃሉን ፈልፍሎታል። ሥሮቹ እንደ ሰው ጭን ወፍረው በጎጆው ወለል ሥር ያልፋሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ቀዳዳዎች እጅ ያስገባሉ፣ መጨረሻቸው ግን አይታይም።

የመጀመሪያ ልጃቸው ጌጡ በእባብ የተነደፈው እዚያ ነው። ለእናቱ ማገዶ እንዲሆን ቅርፊት ሲልጥ እጁን ወደ አንዱ ቀዳዳ ሰደደ። አበጀ ልጁን ታቅፎ ወደ አሶሳ ሮጠ። መንገድ ላይ ልጁ «አባዬ፣ ቀስ በል፣ ያንገጫግጨኛል» አለው። አበጀ ቀስ አላለም። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ጌጡ ትንፋሽ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ዘመናይ ተወለደች። እስክትድህ ድረስ ነገሩ ይቻል ነበር። መዳህ የጀመረች ዕለት ግን ግቢው ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ቀጥ ብላ ወደ ጉቶው ሄደች። አበጀ ከሩቅ አይቶ ሮጦ አነሳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ መሬት አትነካም፤ ወይ በእናቷ ጀርባ ናት፣ ወይ በአባቷ ትከሻ። በለጡ ምሽት ምሽት በጉቶው ዙሪያ አመድ ትነሰንሳለች፤ ጧት ተነስታ በአመዱ ላይ የተሳበ ነገር እንዳለ ታያለች። አንዳንድ ጧት ምንም የለም። አንዳንድ ጧት ደግሞ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ፈለግ ከቀዳዳው ወጥቶ ወደ ቀዳዳው ይመለሳል።

አበጀ ጉቶውን በእሳት ሞከረው። እሳቱ ከላይ ጠፍቶ በሥሩ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ከቀናት በኋላ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ፤ ጎጆው ለጥቂት ተረፈ። በመጥረቢያም ሞከረው። ከምስጡ የተረፈው እንጨት አጥንት ሆኗል። መጥረቢያው ሲሰበር ይዞት ወደ አሶሳ ወረደ።

ገበያው ዳር ሙንታሲር የሚባል በያጅ ነበር። የበርታ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁም ሰፊ። የሰፈራው ቁርጥራጭ ብረት ጨረታ ሲወጣ የገዛው እሱ ነው፤ ግቢው በትራክተር አጥንትና በዝገት የተሞላ ነው። መጥረቢያውን አገላብጦ አየና፦

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ምንድነው የምትቆርጠው? ድንጋይ ነው ወይ?» አለው።

«ጉቶ ነው።»

«ጉቶ እንጨት ነው። ይሄ መጥረቢያ እንጨት አልሰበረውም።»

አበጀ ስለ ጉቶው ነገረው። ከዚያ፣ እንደሚነግረው ሳያስብ፣ ስለ ጌጡ ነገረው። ሙንታሲር መዶሻውን አስቀመጠ። «አላህ ይርሐመው» አለ። «እኔ ደግሞ እህቴ ልጅ በእባብ ሄዷል። ኩርሙክ መንገድ ላይ። ይሄ አገር እንዲህ ነው፣ እንጨት ሥር አለ፣ ድንጋይ ሥር አለ።»

ይህን ሲሰማ የአበጀ ዓይን መሬት ላይ በወደቀ አንድ ከባድ ክብ ብረት ላይ አረፈ። የሞተ የጭነት መኪና ቮላኖ ነው፤ ሞተሩ ላይ ሆኖ የሚሽከረከረው ያ ከባድ መንኮራኩር። ዓይኑን ከእሱ መንቀል አቅቶት ስለ ረጋሳ አወራ፤ ስለ ብሎኑ፣ ስለ ግንዱ፣ እንደ በረዶ ስለወረደው ስንጥር። ሲጨርስ ሙንታሲር በረጋሳ ሞት ያዝናል ብሎ አበጀ ጠብቆ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሙንታሲር ወደ ፊት አጎንብሶ። «ግንዱን ሙሉ በላው? አንድ ብሎን ብቻ?»

«አንድ ብሎን።»

«ብዙ ብሎን ቢሆንስ? ጉቶ አይበላም ወይ?»

አበጀ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የከፋው ነገር ጥያቄው አልነበረም። የከፋው ይኸው ሐሳብ በእሱም ጭንቅላት ውስጥ መቀመጡ ነው፤ ምናልባት ጉቶው ላይ መጥረቢያውን ባነሳ ቁጥር እዚያው ነበረ፤ አስቦት እንደማያውቅ ሆኖ ነበር እንጂ። «አይሆንም» አለና ያልተጠገነ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

ያን በጋ አሶሳ ውስጥ ለቢሮዎቹ ሲባል ቀንም መብራት መምጣት ጀምሮ ነበር። መብራት ሲኖር ሙንታሲር ይበይዳል፤ ሲጠፋ ሁለቱም ጥላ ሥር ተቀምጠው ብረት ይመርጣሉ። ለሚሠሩት ጉቶ መፍጫ የመረጡት ሞተር ከድሮው የውሃ ፓምፕ የተወሰደ፣ ባለ አንድ ፒስተን ናፍጣ ነው። በውስጡ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። አበጀ ፈትቶ አጠበው፣ ገጠመው።

«ይሄ ሞተር ሞቷል አይደለም» አለ ሙንታሲር ደስ ብሎት። «ተኝቷል ነው።»

ለቮላኖው ዘንግ የመኪና የኋላ ዘንግ ቆረጡ። ኩሽኔታዎቹን፣ ዘንጉ የሚዞርባቸውን ቀለበቶች፣ ከተለያዩ ማሽኖች ለቅመው በናፍጣ አጠቧቸው። የተጎታች ፍሬም ላይ ሞተሩን ከኋላ፣ ቮላኖውን ከፊት አድርገው በጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ አገናኟቸው። ከሥር ሁለት የጋሪ ጎማ አለው፤ የሚሠራበት ሰው ከኋላ መያዣውን ወደ ታች ሲጫነው ቮላኖው ከፊት ይነሳል፣ ሲለቀው ይወርዳል። በቮላኖው ዙሪያ የሚታሰሩትን ጥርሶች የሠሩት ከመኪና ባሌስትራ ነው። ሙንታሲር በከሰል አግሎ ይቆርጣል፣ ያሾላል፣ በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ይነክራል። ብረቱ ዘይቱን ሲነካ የሚያወጣው ጩኸት አበጀን በየጊዜው ያስደነግጠዋል፤ ሙንታሲርም በየጊዜው ይስቅበታል።

መያዣው ከውሃ ቧንቧ የተሠራ ነው። አበጀ አጭር ነው አለ፤ ሙንታሲር ቀጠለበት። አሁንም አጭር ነው አለ፤ ቀጠለበት። ሌላ ቧንቧ ይዞ ሲመጣ ሙንታሲር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና፦

«ባምባሲ ቆመህ ልትይዘው ነው ወይ?» አለው።

አበጀ አልሳቀም። ከሞተሩ ናፍጣ መዝጊያ ላይም ረጅም ገመድ አሰረ። አንድ ሰው ርቆ ቆሞ ገመዱን ከሳበ ሞተሩ ይጠፋል። ይህንን ያደረገው ረጋሳን እያሰበ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያጠፋ ሰው አጥተው ሁሉም እየጮኸ ቆሞ ያይ ነበር፤ እሱም ጭምር።

ማሽኑን በአህያ አስጎትተው ወደ አምባው ሲያመጡት ሰው ከየቤቱ ወጣ። ወዲያውኑ ስም ወጣለት፤ «ጉቶ በል» አሉት። አበጀ ሰውን ሁሉ ከአጥሩ ውጭ አስወጣ። በለጡን ዘመናይን ይዛ ጎረቤታቸው ዘነቡ ቤት እንድትሄድ ነገራት።

«እኔ ምን እሆናለሁ? ገመዱን ልያዝ» አለች።

«ሂጂ ስልሽ! ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ!»

ሙንታሲርም ጣልቃ ገባ፤ «በለጡ እህቴ፣ አንተ አትፍራ፣ እኔ ገመድ ይዣለሁ።» ወንድ አድርጎ ሲጠራት ሌላ ጊዜ ትስቅ ነበር፤ ያን ዕለት አልሳቀችም። ልጅቷን አዝላ ወጣች።

ሙንታሲር የሞተሩን ማስነሻ እጀታ፣ ማኖቬላውን፣ አሽከረከረ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ያዘ። ቮላኖው መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ጥርሶቹ እስከማይታዩ ድረስ ዞረ። አበጀ መያዣውን ጨብጦ ቆመ። መያዣውን ትንሽ ለቀቅ ሲያደርገው ጥርሶቹ ጉቶውን ነኩ፤ የዋንዛው ፍርፋሪ ጎርፍ ሆኖ ወጣ። ከአጥሩ ውጭ እልልታ ተሰማ። መጥረቢያ የሰበረው እንጨት ዓይኑ እያየ ዱቄት ሲሆን አበጀ ለአፍታ መፍራቱን ረሳ።

ያኔ አንድ ነገር «ጧ!» አለ። መያዣው ደረቱን መትቶ ወደ ኋላ ጣለው። ሙንታሲር ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ጠፋ። አበጀ ከመሬት ሆኖ ቀና ሲል አንድ ጥርስ ከቮላኖው ላይ የለም፤ በጎጆው የጭቃ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከደቂቃ በፊት ያልነበረ ቀዳዳ አለ።

ተነስቶ ሮጠ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ አለው። በለጡ የሆነ ነገር ረስታ፣ ልጅቷን አዝላ፣ በጓሮ በኩል ተመልሳ ብትገባስ? እንደዚያ ታደርጋለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ውሃ መሆኑን ግን እርግጠኛ አልነበረም።

«በለጡ» አለ። ድምፁ አልወጣም። «በለጡ!»

መልስ የለም። እጁን በሩ ላይ አድርጎ መግፋት አቃተው።

«ምን ሆንክ? እዚህ ነኝ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ውጭ መጣ። በለጡ ከሰዉ መካከል እየተጋፋች መጣች፤ ዘመናይ በጀርባዋ ላይ ጣቷን ትጠባለች። አበጀ እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠ። ሙንታሲር ነው ገብቶ ያየው። ጥርሱ የውሃውን እንስራ ሰብሮ አልፎ የአልጋው ቋሚ ላይ ተሰክቷል፤ ልጅቷ ስትተኛ ጭንቅላቷ የሚያርፍበት ቁመት ላይ። ለመንቀል መዶሻ አስፈለገው።

«ኻላስ» አለ አበጀ። «አበቃ። ውሰደው።»

ሙንታሲር አልተከራከረም፤ ግን አልወሰደውም። ሣር አልብሶት ሄደ።

ማሽኑ እንደዚያ ተሸፍኖ ከረመ። አበጀ በአጠገቡ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ አንድ ጧት በለጡ ጠራችው። ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። በአመዱ ላይ ያለውን አሳየችው። ፈለጉ ከቀዳዳው ወጥቷል፤ ወደ ቀዳዳው ግን አልተመለሰም። ተጠማዝዞ፣ ተጠማዝዞ፣ በጎጆው ጥግ ዞሮ፣ ወደ በሩ ሄዷል። በሩ ጋ አመድ ስላልነበረ ከዚያ ወዲያ አይታይም።

ልጅቷን አውጥተው ቤቱን ፈተሹ። አልጋውን አነሱ፣ የእህሉን ጎታ ገፉ፣ የጣራውን ሣር በዱላ ወጉ። ምንም አላገኙም። ምንም አለማግኘታቸው ከማግኘታቸው የከፋ ነበር። ያን ቀን ሦስቱም ዘነቡ ቤት አደሩ። በነጋታው አበጀ በእግሩ ወደ አሶሳ ሄደ።

«በያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ብሎን አሳልፈን እናስር፣ በዳዶ ላይ ዳዶ፣ ከዚያ በላዩ በይደው» አለው ሙንታሲርን። «ቮላኖውን በላሜራ እንሸፍነው። ከኋላው ደግሞ የመኪና ጎማ ቆርጠን እንስቀል። የሚወረወር ነገር ካለ ጎማው ይያዘው።»

«ፈራህ አይደለም ወይ?» አለ ሙንታሲር።

«ፈርቻለሁ።»

«ታማም፣ ጥሩ ነው» አለና ብየዳ መነጽሩን አነሳ።

ማሽኑ ዳግመኛ ሲነሳ ከአጥሩ ውጭ እልል የሚል አልነበረም። በለጡ ልጅቷን ለዘነቡ ሰጥታ ራሷ መጣች፤ አበጀ ሊከለክላት ቢሞክርም አልሰማችውም። ዶማ ይዛ ከሙንታሲር ጎን ቆመች። ሙንታሲር ገመዱን በእጁ ጠቀለለ።

በዚህኛው ቀን ጥርሶቹ ያዙ። ጉቶው ከላይ ወደ ታች ሸረፍ እያለ ሄደ፤ ፍርፋሪው ጎማውን እየመታ ይወድቃል። አበጀ መያዣውን ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ቮላኖውን በጥቂት በጥቂቱ ያወርዳል። መሃሉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። ባዶ ቦታ ነው፤ ምስጡ የፈለፈለው። አበጀ ድምፁን ሰማ። መያዣውን ተጭኖ ቮላኖውን ከፍ አደረገው።

መጀመሪያ ያየችው በለጡ ናት። የጮኸችውን በሞተሩ ድምፅ አልሰማም፤ አፏ ሲከፈት ብቻ አየ። ወደ ታች ተመለከተ። ከጉቶው ሳይሆን ከእግሩ አጠገብ ካለው የሥር ቀዳዳ፣ በመያዣው ሥር፣ ጥቁር እባብ እየወጣ ነው። አያልቅም። ወጥቶ ወጥቶ፣ ከዚያ ግማሽ ቁመቱን አነሳና አንገቱን ነፋ። ከአበጀ ጉልበት ፊት ለፊት ቆመ።

ሙንታሲር ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ጸጥ አለ።

ቮላኖው ግን ከባድ ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋም በራሱ ጉልበት መዞሩን ይቀጥላል። በጸጥታው ውስጥ «ውውው» የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። አበጀ መያዣውን ከለቀቀ ያ የሚዞር ብረት ሥሩ ላይ ይወድቃል፤ ከወደቀ ደግሞ እንደ ባለፈው ይዘላል፤ ወዴት እንደሚዘል ማንም አያውቅም፤ በለጡ ደግሞ እዚያ ቆማለች። ይዞ ከቆየ እባቡ ፊቱ ነው። መላ ሰውነቱ ሩጥ ሩጥ ይለዋል። ሱሪው ሲርስ ተሰማው፤ አላፈረም፤ ለማፈር ጊዜ አልነበረም።

«ልቀቅ! ና ልቀቅ!» ትላለች በለጡ።

«ራቂ!» አለ አበጀ። «በለጡ፣ ራቂ!»

እባቡ ወደ ድምፁ ዞረ። አፉ ተከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ነገር ግን ጥርስ አልነበረም፤ እንደ ጠል የተረጨ ቀጭን የመርዝ ውሃ የአበጀን ፊት መታው። በመጀመሪያ ቅዝቃዜ ነው። ቀጥሎ ሁለቱም ዓይኖቹ በርበሬ እንደተሞሉ ነደዱ። ጨለመበት። ጮኸ። ግን እጆቹ መያዣው ላይ ነበሩ፤ እየጮኸ ተጫነው። ከእግሩ ሥር ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ቅርብ ነው፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ነው፣ ከዚያ አይሰማም። አለመሰማቱ ከሁሉም ባሰ። የቮላኖው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ጥርስ ላሜራውን «ጢቅ» አድርጎ ነካና ቆመ።

ጣቶቹን ከቧንቧው ላይ አንድ በአንድ ያላቀቀለት ሙንታሲር ነው። በለጡ ጀሪካኑን ሙሉ ውሃ ዓይኑ ላይ አፈሰሰች፤ ሲያልቅ ዘነቡ ሌላ ይዛ መጣች።

«ወዴት ሄደ?» ይላል አበጀ። «እባቡስ? ወዴት ሄደ?»

«ሞተ» አለ ሙንታሲር። «ገደልነው። ወላሂ ሞተ።»

አሶሳ ጤና ጣቢያ ዓይኑን አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ በጨርቅ አሰሩለት። ማየት ይችል እንደሆነ ጨርቁ ሲፈታ ይታያል ተባለ። ቤቱ ተመልሶ በጨለማ ተኛ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። የጣራው ሣር ሲንኮሻኮሽ እባብ ነው። በለጡ ነጠላዋን ስትጎትት እባብ ነው። ዘመናይ በጭኑ ላይ ስትቀመጥ ጣቶቿን ይቆጥራል፣ እግሮቿን ይዳስሳል፣ ያበጠ ነገር ያለ እንደሆነ ይፈልጋል።

«ሞቷል አይደል?» አላት በለጡን አንድ ቀን።

በለጡ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ከዚያ፦ «አልሞተም» አለች። «ሙንታሲር እንዳትጨነቅ ብሎ ነው። በዶማ ስቼዋለሁ። ጅራቱን ነው የነካሁት፤ አመለጠኝ።»

አበጀ ቀና አለ። «ወዴት?»

እጁን ያዘች። ጠቋሚ ጣቱን ዘርግታ፣ ክንዱን ቀስ ብላ አዞረችና አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። «በዚህ። በአጥሩ ሥር ወጥቶ፣ የዘነቡን ማሽላ አልፎ፣ ወደ ሸለቆው። እስከ ቀርከሃው ድረስ ተከትዬዋለሁ። ወደዚህ አልዞረም።»

አበጀ ጣቱን እዚያው እንደዘረጋ ብዙ ቆየ። ውሸቱ ይሻለኝ ነበር ብሎ አሰበ። ግን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው፤ እባቡ የት እንዳለ ያውቃላ።

ጨርቁ ሲፈታ ግራ ዓይኑ ደህና ነበር፤ ቀኙ ጭጋግ ቀረበት። ሌሎች ሰዎች ጉቶውን ራሳችን እንጨርስልህ አሉት። እምቢ አለ። ሌላ ሰው ያን መያዣ ይዞ ማየት የበለጠ ያስፈራዋል። መጀመሪያ በየቀዳዳው የደረቀ በርበሬና ኩበት አጭሰው ግማሽ ቀን ጠበቁ። ከዚያ ሙንታሲር ሞተሩን አስነሳ፤ አበጀ መያዣውን ያዘ። ጉቶው እስከ ሥሩ አለቀ። በጎጆው ሥር የሚያልፉትንም ሥሮች ቆፍረው እየቆረጡ አወጡ። ከሥር የተገኘው ጉድጓድ ሙሉ የእባብ ቆዳና የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ነበረ፤ ቆዳዎቹ ትልቅም ትንሽም ናቸው። በለጡ በአካፋ ለቅማ አቃጠለችው። ጉድጓዱን በድንጋይና በቀይ አፈር ሞልተው ደለደሉት። ዘመናይ ግቢው ውስጥ ለብቻዋ መሬት ላይ የቆመችው ከዚያ በኋላ ነው።

ወሬው ተሰማ። ከአምባዎቹ፣ ከዚያም ከበርታ መንደሮች ሰዎች መጡ። ማህጁብ የሚባሉ ሽማግሌ ያረጁ የማንጎ ዛፎቻቸውን ቆርጠው ጉቶው መሬታቸውን ይዞባቸው ነበርና ልጃቸውን ልከው አስጠሯቸው። አበጀ ሲደርስ ሥራ አልጀመረም። በየጉቶው ዙሪያ እየዞረ አየ፤ ልጆቹ የት እንዳሉ ጠየቀ፤ በቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ጠየቀ፤ ገብቶም በዓይኑ አየ። ማህጁብ ሙንታሲርን በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ ሙንታሲርም ሳቀ።

«ምን አሉ?»

«ይሄ ሰው ሊገዛው ነው ወይ ቤቱን? ብሏል።»

ሁለት በጋ እንዲህ ሠሩ። በሁለተኛው ማብቂያ ሙንታሲር ትልቅ ሐሳብ ይዞ መጣ። ክልሉ መንገድ እያስጠረገ ነው፤ የጭነት መኪና ሞተር አለው፤ የዚህን ሦስት እጥፍ የሚሆን ቮላኖም አግኝቷል። ትልቅ ጉቶ በል እንሥራ አለ። አበጀ እስኪጨርስ ሰማው። አልችልም አለ። ሙንታሲር ለመነው፤ አበጀ አሁንም አልችልም አለ።

«አንተ ፈሪ!» አለ ሙንታሲር።

ይህን ቃል ሰው ሁሉ ሲለው ኖሯል፤ ከሙንታሲር አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም። አበጀ ተነስቶ ወጣ። ያን ክረምት ሁለቱ አልተነጋገሩም። በለጡ ገበያ ስትሄድ ሙንታሲር ልጅቷን ደህና ናት ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ አበጀን አይጠይቅም። ትልቁ ማሽን ተጀምሮ እንደቀረ ሰው ነገራቸው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አበጀ ትንሹን ማሽን ከሣሩ አውጥቶ ዝገቱን ሲፍቅ፣ ሙንታሲር በአጥሩ በር ቆመ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሰላምታ ሰጥቶ ገባና ጨርቁን ፈታው፤ በግራሶ የተቀባ አዲስ ኩሽኔታ ነው።

«የድሮው ይጮሃል» አለ። «በበጋው ሰምቼው ነበር። አልነገርኩህም።»

አበጀ ኩሽኔታውን ተቀብሎ በጣቱ አሽከረከረው፤ ድምፅ የለውም። ቦታ ለቀቀለትና ሁለቱም ማሽኑ ሥር ተንበረከኩ። አሮጌውን አወጡ፣ አዲሱን ገጠሙ። በለጡ ገንፎ አምጥታላቸው ከዚያው ከብረቱ ጎን በሉ። ከዚያ ሙንታሲር ማኖቬላውን ያዘ።

አበጀ ገና ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ነበር። እስከ መጨረሻው ደርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ጨረስክ?» አለ ሙንታሲር።

«ገና ነኝ።»

ሙንታሲር ማኖቬላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ጥላ ሥር ተቀመጠ።